የዘመነ ሰባት ድምፆች

ጋሼ መሳፍንት ጊታር ሲያስተምሩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

እኔ ሆዳቸው በተከፈተ ሬዲዮኖች መካከል፣ እግሬ መሬት በማይደርስበት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቀዩን ኤሌክትሪክ ጊታር ጭኔ ላይ አድርጌ ክሩን በሦስት ጣቴ እገፋለሁ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጋር ተፋጠው ያዳምጣሉ። የመጨረሻው ድምፅ ከሞንታርቦው ውስጥ ተርገብግቦ ሲያልቅ ወደ ቀን መቁጠሪያው ጠጋ ይላሉ። ከዚያ ሳይዞሩ፣ «ገና ነው» ይሉኛል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ስለ ሰው ጀርባ የማውቀው ነገር ቢኖር የተቆጣ ሰው እንደሚሰጠው ብቻ ነው። ስለዚህ አጨዋወቴ አንገሽግሿቸው ነው ብዬ አመንሁ። ይህንኑ እንዳመንሁ አሥራ ሦስት ዓመት ኖርሁ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ነበርን። አባቴ ለሥራ ባሕር ዳር ተመድቦ በወር አንዴ ይመጣል። እናቴ ሥራነሽ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ከጋሼ መሳፍንት ቤት የሚለየን አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ነው፤ እሱም በመካከሉ እኔ የምሾልክበት ቀዳዳ ነበረው። እማዬ ያንን ቀዳዳ በየክረምቱ ታስደፍናለች፣ እኔ በየመስከረሙ እከፍታለሁ።

ጋሼ መሳፍንት በልጅነታቸው የዜማ ተማሪ ነበሩ። ከዜማ ቤት ኮብልለው ኪነት ገቡና ጊታር ተማሩ። እኔ ሳውቃቸው ግን ጊታር መምታት ትተዋል። አንድ ቀን ሞንታርቦ ሲጠግኑ ኤሌክትሪክ ይዟቸው የግራ እጃቸው የቀለበት ጣት አልታጠፍም ብሎ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ሆነ። ከማርቆስ እስከ ቁይ ድረስ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ሞንታርቧቸው ሲያፏጭባቸው የሚልኩት ወደ እሳቸው ነው።

ሚስታቸው የሞተችው ልጃቸው ዘመነ ገና ድክ ድክ ሲል ነበር። አባትየው ብቻቸውን አሳደጉት፤ ጊታርም አስተማሩት። አድጎ ጁባ ሄደና ከአንድ ሆቴል ባንድ ጋር መሥራት ጀመረ። ቀዩ ጊታር የእሱ ነው። የሄደ ዕለት ጭኔ ላይ አስቀምጦልኝ፣ «እስኩ፣ ስመለስ መግቢያዬን ከተጫወትሽልኝ ያንቺ ነው። ካልተጫወትሽ እነጥቅሻለሁ» አለኝ።

መግቢያው ያለው ሰባት ድምፅ ብቻ ነው። ዘመነ ማንኛውንም ዘፈን ከመጀመሩ በፊት እሷን ይመታ ነበር፤ ሰው ገና ሲሰማት «ዘመነ መጣ» ይላል። ስድስቱ ድምፆች ቀላል ናቸው፤ በሳምንት ለመድኋቸው። ሰባተኛዋ ግን ሌላ ናት። ክሩን አንዱ ቦታ ላይ ይዘህ፣ ወደ ላይ ገፍተህ ድምፁን እስከ ሌላ ድምፅ ድረስ ታሳድገዋለህ። እዚያ ከደረሰ በኋላ ታርገበግበዋለህ። ጋሼ መሳፍንት፣ «እኔ ጀመርኋት፤ የጨረሳት እሱ ነው። ሰባተኛዋን እኔም እንደሱ መትቼያት አላውቅም» ይሉ ነበር። ጊታሩ የእኔ እንዲሆን ከዓለም የሚያስፈልገኝ እሷ አንዲት ድምፅ ነበረች።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ የዕድራችን ዳኛ አቶ ሙላት ሳሎናችን ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ያዞሩታል። እኔ ጓዳ ገብቼ ዳቦ እየቆረስሁ ጆሮዬን ጣልሁ።

«ጓደኛው የደወለው ለእኔ ነው» አለች እማዬ። «ለጋሼ መደወል ፈርቶ።»

«ደግ አደረገ። መሳፍንት በዚህ ጤናው በድንገት ቢሰማ ምን ይሆናል?»

«ትናንት ለካኋቸው፤ መቶ ሰማንያ ነው። አሁን አይነገራቸውም፣ አቶ ሙላት። ግፊቱ መጀመሪያ ይውረድ።»

«እንግዲህ ወንድሞቹም ከመርጡለ ማርያም መምጣት አለባቸው። ድንኳኑንና ወንበሩን ለእኔ ተይው። የዘመነን ነገር ግን ማንም ሰው ትንፍሽ እንዳይል።»

ዳቦው አፌ ውስጥ ቀረ። ዘመነ ሊመጣ ነው! ድንኳን፣ ወንበር፣ ከመርጡለ ማርያም የሚመጣ ዘመድ፤ ይህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ለአባትየው ያልነገሩትም ገባኝ። ደም ግፊት ያለበት ሰው በድንገተኛ ደስታም ይወድቃል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የምን ድግስ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ሳሎን ስገባ የእማዬ ዐይን ቀልቷል። ጉንፋን ነው አለችኝ። ነርስ ስለሆነች አመንኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ያልተለመደ ሰው ሆነች። ያን የአጥር ቀዳዳ የምትደፍን ሴት፣ «ጋሼ ጋ ሂጂ እንጂ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኝ ጀመር። «ከጋሼ አትለዪ። የትም ሲሄዱ አብረሽ ሂጂ።» እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስሁ። አንድ ትልቅ ሚስጥር ሆዴ ውስጥ ይዤ፣ የሚስጥሩን ባለቤት ከጧት እስከ ማታ እያየኋቸው መዋል ነው። ስስቅባቸው ይስቃሉ፤ ለምን እንደምስቅ ግን አያውቁም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ሰሞን፣ አምበር ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ላኩባቸው። ለበዓሉ ሞንታርቦው እምቢ ብሏል። እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለነበርሁ ከሰዓት አብሬያቸው ሄድሁ። ሚኒባሱ ውስጥ በሰፊው የታጨደ ጤፍ ግራና ቀኝ እያየሁ፣ ሰባቱን ድምፆች በጥርሴ መካከል እያዜምሁ ተጓዝሁ።

ጋሼ ሽቦውን ፈትተው ገጠሙና ማይኩን ሰጡኝ። «በቃ እስክልሽ ድረስ ቁጠሪ» አሉኝና ድምፁ የት ድረስ እንደሚሄድ ሊሰሙ ወደ ጽድ ዛፉ ራቁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልሁ ቆጠርሁ። ድምፄ ከግቢው ወጥቶ ሜዳውን ሲያቋርጥ፣ ከወዲያ ካለው ጉብታ ተመልሶ ሲመጣ ይሰማኛል። የእኔ አይመስልም ነበር፤ ሰማዩ ራሱ የሚቆጥር ነበር የሚመስለው።

ሃምሳ ገደማ ስደርስ የግቢው መሪጌታ ወልደ ሚካኤል መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ጋሼ መጡ። የዜማ ቤት ጓደኞች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ጋሼ ስለ እሳቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። መሪጌታ መቋሚያውን ዛፉ ላይ አስደግፈው የጋሼን ሁለት እጆች ያዙ። የሆነ ነገር ተናገሩ። የሚሉትን አልሰማሁም፤ የእኔ ቁጥር ሁሉን ነገር ሞልቶታል። ጋሼ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ ያልገባቸው ይመስል። መሪጌታ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቀፉና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ተገናኝተው በሳቅ እየፈረሱ ነው አልሁ በልቤ። መቁጠሬን ቀጠልሁ። መቶ አለፍሁ፤ መቶ ሃምሳ አለፍሁ። በቃ የሚለኝ የለም። ጋሼ ረስተውኝ ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፤ እኔ ደግሞ የታዘዝሁትን ነገር አላቋርጥም። ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ስደርስ መጥተው ማይኩን ቀስ አድርገው ከእጄ ወሰዱት።

«በቂ ነው። ይሰማል» አሉ።

ስንመለስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያዩ ነበር። ማርቆስ ልንገባ ስንል ብቻ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስከዳር፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ሌላውን እንተወዋለን። የዘመነን መግቢያ ብቻ ነው የምናጠናው።»

«እሺ!» አልሁ ከመቀመጫዬ ዘልዬ። ሳይነግሯቸው ሸቷቸዋል ማለት ነው፤ ልጃቸው ሲመጣ እንዳላፍር ሊያዘጋጁኝ ነው ብዬ ተደሰትሁ።

ከዚያ የነበሩት አምስት ቅዳሜዎች አሁንም ሳስባቸው አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ይመስሉኛል። የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይ በዚያች ጠባብ መስኮት ገብታ ከሬዲዮኖቹ ላይ አቧራውን ታስነሣዋለች። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ውስጡ ግን የሞቀ ሽቦና የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸታል። መጀመሪያ እማዬ ትመጣና የጋሼን ግፊት ትለካለች። መሣሪያውን አይታ ከንፈሯን ነክሳ ትሄዳለች፤ ቁጥሩ አልወርድ ብሏታል። ከዚያ እኛ እንጀምራለን።

ጋሼ ደብተሬ ላይ ሰባት ቁጥሮች ጽፈው ከሰባተኛዋ በላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ምልክቶች አደረጉ። ከዜማ ቤት ያመጧቸው ናቸው።

«ይቺ ቅናት ናት። ድምፅ ወደ ላይ ይነሣባታል። ይቺ ደግሞ ርክርክ ናት፤ ድምፅ ይርገበገብባታል። የፈረንጅ መጽሐፍ ሌላ ስም አለው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። አሁን ሳትገፊ በፊት፣ የምትደርሺበትን ድምፅ ምቺልኝ።»

መታሁ።

«ሰማሽው? እዚያ ነው የምትሄጂው። የምትሄጂበትን ሳታውቂ ከቤትሽ አትውጪ። በይ አሁን ወደ ታች ተመለሺና ግፊ።»

ገፋሁ። ክሩ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ድምፁም መንገድ ላይ ቀረ።

«ጎደለ። በጣትሽ አትግፊው፣ ጣት አቅም የለውም። ሁለቱ ጣቶችሽ ከኋላ ሆነው ያግዙት። አውራ ጣትሽን ከላይ አንተርሺ። ከእጅሽ አንጓ አዙሪው፣ የበር ቁልፍ እንደምታዞሪ።»

አዞርሁ።

«አለፍሽው! ይሄ የት ሊሄድ ነው? መልሺው።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ከአሥር ጊዜ አራቱን ያህል እደርስ ጀመር። ያኔ ርክርኩን ጀመርን።

«ሳይደርሱ ርክርክ የለም» አሉኝ። «መጀመሪያ ድረሺ። ትንሽ ቁሚ፤ መድረስሽን ሰው ይወቅልሽ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ልቀቂው፣ መልሺው። ልቀቂው፣ መልሺው። እኩል እኩል።»

ሞከርሁ።

«ብርድ ይዞሻል እንዴ? እንደሱ አታንቀጥቅጪው። አትፍሪው።»

መብራት ሲጠፋ የጊታሩ ድምፅ ድንገት ተንኖ የትንኝ ድምፅ ያህል ይሆናል። ያኔም አላቆምንም። ጋሼ ቀርበው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ ፀጉራቸው ክንዴን ይነካኛል። የጣቶቼ ጫፎች መጀመሪያ አበጡ፣ ከዚያ ተላጡ፣ ከዚያ ደነደኑ። ትምህርት ቤት ውስጥ በእርሳስ ጫፍ እየወጋሁ ለልጆች አሳያለሁ፤ አያመኝም እያልሁ እኮራለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞር የጀመሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎደለ ማለትም፣ አለፍሽ ማለትም ተዉ። ያን ቀን ሰባቱን ድምፆች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መታሁ። ለራሴ ጥሩ መሰለኝ። ከሩቅ ውሻ ጮኸ።

«ገና ነው» አሉ።

«የቱ ጋ ነው ጋሼ?»

«ገና ነው። ቅዳሜ ነይ።»

አራተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። ቤቴ ገብቼ ትራሴ ውስጥ አለቀስሁ። በአንድ በኩል ዘመነ እየመጣ ነው፤ በሌላ በኩል አስተማሪዬ ሊያየኝ እንኳ አልፈለገም። እሳቸው ቤት ጥግ ላይ ጊታሩን አቅፌ፣ ሳልሰካው ሳምንቱን ሙሉ ያቺኑ ድምፅ ስገፋ ከረምሁ።

አምስተኛው ቅዳሜ ሲደርስ ድንኳኑ አቶ ሙላት ግቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የጋሼ ወንድሞች ከመርጡለ ማርያም መጥተው እዚያው ቤት መሰንበታቸውን አጮልቄ አይቻለሁ። እማዬና አቶ ሙላት ሲንሾካሾኩም ሰምቻለሁ፤ ነገ ማለዳ ነው፣ ከዚህ በላይ አይቆይም ተባብለዋል። እየዘለልሁ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ።

ጋሼ ግድግዳው ጋ ቆመው ነበር። አልዞሩም። እኔም ምንም ሳልል ጊታሩን ሰካሁና መታሁ። ስድስቱ ድምፆች ራሳቸው መጡ። ሰባተኛዋ ላይ አንጓዬን አዞርሁ፤ ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ደረሰ። ቆምሁ። ከዚያ ቀስ አድርጌ አርገበገብሁት። እስኪጠፋ ድረስ አልቸኮልሁም።

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው የቀን መቁጠሪያው ላይ አሳረፉት።

«ደርሷል» አሉ።

ዞሩ። ፊታቸውን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ጢማቸው ድረስ ረጥቦ ነበር። በደስታ ነው አልሁ፤ በእኔ ደስታ። እንደዚያ ስላስደሰትኋቸው እኔም ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። አምስት ሳምንት የሞላው ሚስጥር ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ለእማዬ አይናገሩብኝም?»

«አልናገርም። ንገሪኝ።»

«ዘመነ ሊመጣ ነው! ነገ ማለዳ። ድንኳን ሁሉ ይተከላል። ወንድሞችዎም መጥተው አቶ ሙላት ቤት ተደብቀዋል።»

ጋሼ መሳፍንት አጠገቤ ያለው ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ሁለት ጉንጮቼን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«አምበር ሳለን ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ለማንም እንዳትናገሪ፤ እኔም አልናገርብሽም።»

«ታዲያ ደስ አላለዎትም?»

«ስለ ደረስሽ ደስ ብሎኛል» አሉ። ከዚያ ጊታሩን በጨርቅ ጠርገው ቦርሳው ውስጥ ከተቱና ጀርባዬ ላይ አንጠለጠሉልኝ። «ዛሬ ይዘሽው ግቢ። እዚህ አይደር።»

በማግስቱ ማለዳ የመስቀል ቀሚሴን ለበስሁ። ቢጫ ነው፣ ዳሩ ላይ አበባ አለው። ጊታሩን አንግቼ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ጫማዬ ሥር ይሰባበራል። የድንኳኑ ቋሚዎች ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጋቢ የለበሱ ወንዶች በሩን ሞልተውታል። ዘመነን በዐይኔ ፈለግሁ። ከዚያ ከቤት ውስጥ ጩኸቱ ወጣ።

ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አለቀሰ። እኔ በቢጫ ቀሚስ፣ ቀይ ጊታር አንግቼ፣ መካከላቸው ቆሜ ነበር። እማዬ ስታየኝ ሮጣ መጥታ እኔንም ጊታሩንም አንድ ላይ በነጠላዋ ሸፈነችን። በነጠላው ውስጥ ሆኜ አቶ ሙላት፣ «በርታ መሳፍንት፣ ወንድ ልጅ አይደለህ!» ሲሉ ሰማሁ። የጋሼን ድምፅ ግን አልሰማሁም።

ዘመነ ጁባ ውስጥ በወባ ታሞ ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሯል። ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት፤ መቼ እንደሞተ ግን አልነገረችኝም። እኔ ደግሞ ነገሩን በራሴ መንገድ አገናኘሁት። ሚስጥሩን ያወጣሁት ቅዳሜ ነው፤ ሞቱ የመጣው እሁድ። አንደበቴን ብይዝ ኖሮ ይመጣ ነበር። ይህን ለማንም ሳልናገር ጊታሩን አልጋ ሥር ከተትሁት። በዓመቱ ወደ አባቴ ወደ ባሕር ዳር ስንዛወር ጋሼ አጥሩ ጋ ቆመው፣ «ጊታሩ የእሷ ነው፤ እንዳትተውት» አሉ። ደህና ይሁኑ ለማለት ቀና ብዬ አላየኋቸውም። አፈርሁ።

አሁን ባሕር ዳር ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ጥር እማዬ ጡረታ ወጣችና መሳቢያዎቿን ስናጸዳ የድሮ ስልኳ ሚሞሪ ካርድ ተገኘ። ፎቶ አለው ብለን ከፈትነው። ከፎቶዎቹ መካከል አንድ ድምፅ ነበር፤ ያን ጊዜ አባቴ እንዲሰማ ብላ ግፊት ለክታ ስትወጣ ከጋሼ መስኮት ሥር ቆማ የቀዳችው ነው። ቀኑ ላዩ ላይ ተጽፏል። ሦስተኛው ቅዳሜ።

ስድስቱ ድምፆች አለፉ። ሰባተኛዋ መጣች። ገፋኋት፤ ደረሰች፤ ቆመች፤ ተርገበገበች። መልሼ ሰማሁ። አላመንሁምና በስልኬ ላይ ያለውን የክር መቃኛ ከፍቼ እንደገና አስደመጥሁት፤ መርፌው መካከል ላይ መጥቶ ቆመ። ምንም የጎደለው ነገር የለም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የመታው የማይመስል ርክርክ ነበር። ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከሩቅ የውሻ ጩኸት፣ ከዚያም የጋሼ ድምፅ፣ «ገና ነው።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ልክ ነው!» አልሁ። «ለምንድን ነው ገና ነው ያሉኝ?»

እማዬ የያዘችውን መሳቢያ አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ሙዚቃ አላውቅም» አለች። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። አደራ ስላሉኝ ይዤው ነው የኖርሁ። መርዶው ሊነገራቸው በዋዜማው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ እኔ መጡ። ‹ሥራነሽ፣ ነገ ማለዳ ስትመጡ የግፊት ክኒኔን ይዘሽልኝ ነይ› አሉኝ። ያውቁ ነበር፣ እስኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ግፊታቸው አልወርድ ያለኝ ለዚያ ነው። እኛ ግፊቱ እስኪወርድ ብለን እንደብቃለን፤ ግፊቱ የሚወጣው እሳቸው ከእኛ ስለሚደብቁ።»

«ከማን ሰሙ?»

«ፍትሐቱን እዚህ ብናስደርገው ወሬው ይደርሳቸዋል ብለን አምበር ወሰድነው። አቶ ሙላት ናቸው የመከሩን። የዚያን ቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ የሚጠግነው ማን እንደሆነ አንዳችንም ትዝ አላለንም። በሳምንቱ ሄደው ጠገኑት እኮ። መሪጌታው የተነገራቸው መስሏቸው አጽናኗቸው።»

ቁጥሬ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ሁለት መቶ አሥራ አራት።

«‹ለምን አልነገሩንም?› አልኋቸው» አለች እማዬ። «‹ልቅሶ ከተቀመጥሁ ቤቴ ውስጥ ዓመት ሙሉ ክር አይነካም። ልጅቷ እጇ ይረሳል። የልጄ ነገር ሌላ ሰው እጅ ላይ ሳይገባ ማልቀስ አልቻልሁም› አሉኝ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ሄዱ። በማግስቱ አቶ ሙላት ሲያረዷቸው አዲስ እንደሰማ ሰው ሆነው ሰሙት። አቶ ሙላትም እስከ ዛሬ አያውቁም።»

እማዬ የምታውቀው እስከዚህ ነው። የቀረውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የዘመነ ነገር እጄ ላይ ገብቶ ነበር። ጋሼ ጆሯቸው አይሳሳትም፤ ሰምተዋል። «ደርሷል» ካሉ ግን ማወቃቸውን ገልጠው ሰዎቹን ማስመጣት አለባቸው። ድንኳኑ ይተከላል፣ ልጃቸው ይሞታል። እኔ ገና እስከሆንሁ ድረስ ዘመነ አልሞተም። ስለዚህ ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ፤ ሁለት ቅዳሜ ጨመሩ። ከዚያ በላይ ማሳደር አልቻሉም። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸውና አርባው ሊያልፍባቸው አይችልም። ያን የቀን መቁጠሪያ ሲያዩት የነበረው ለዚያ ነው። አርባኛው ቀን ያ እሁድ ነበር።

እኔ አልገደልሁትም። በመሳቢያው አጠገብ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስሁ። የጋሼ ከንፈር ግንባሬ ላይ የነካኝ ቦታ አሁንም ይታወቀኛል። ልጁ መሞቱን የሚያውቅ አባት፣ ልጅህ ሊመጣ ነው ያልኋቸው አባት፣ ያን ጊዜ ምን ብለው ሳሙኝ?

ጊታሩን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ክሮቹ ዝገዋል፤ አዲስ አስገባሁ። ጣቶቼ እንደገና አበጡ፣ ተላጡ፣ ደነደኑ። በሚያዝያ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ ቅዳሜ፣ ወደ ማርቆስ ሄድሁ።

የአጥሩ ቀዳዳ ተደፍኗልና በበሩ ገባሁ። ጋሼ መሳፍንት ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ሬዲዮ የሚያመጣላቸውም ሰው የለም። ግድግዳው ላይ ግን ዘንድሮም የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ሲያዩኝ ማን እንደሆንሁ አልጠየቁም፤ ጀርባዬ ላይ ያለውን ቦርሳ ብቻ አዩ።

«ሰክተሽ ተቀመጪ» አሉኝ።

ብዙ ልነግራቸው የመጣሁት ነገር ነበረኝ። አንዱንም አልተናገርሁም። አሁን እግሬ መሬት በሚደርስበት በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ጋሼ ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መታሁ። ስድስቱ መጡ። ሰባተኛዋን ከአንጓዬ አዞርኋት፤ ደረሰች። ትንሽ ቆምሁ። ከዚያ እኩል እኩል አርገበገብኋት፤ እስክትጠፋ ድረስ አልለቀቅኋትም። ልክ ነበረች። ስለዚህ ነገር የሚያስረዳኝ ሰው አያስፈልገኝም።

የጋሼ ጀርባ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ትከሻቸው ብቻ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ወረደ።

«ገና ነው» አሉ።

«እሺ ጋሼ» አልሁ። «የቱ ጋ ነው የጎደለኝ?»

«እሱን ቅዳሜ ስትመጪ እነግርሻለሁ።»